ከቅሬ ዳኛ እስከ ፓርቲ ዕጩ፦ የውስጥ ፉክክር ፓርቲን ያፈርሳል?

የሰፈራችን ቅሬ ባለፈው ዓመት ዳኛ ሊመርጥ ተሰበሰበ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ ነው የምንለው። ድሮ ይህ ምርጫ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አንዱ ሽማግሌ ይነሣና «ዳኛችን ይቀጥሉ» ይላል፤ ይጨበጨባል፤ ቡና ይመጣል። የዚያን ቀን ግን አንድ ወጣት መምህር እጁን አወጣ። «እኔም ልወዳደር እፈልጋለሁ» አለ። ቤቱ ጭጭ አለ።

ነባሩ ዳኛ ክፉ ሰው አይደሉም። ከዐሥር ዓመት በላይ አገልግለዋል፤ ስንቱን ቀብር በዝናብ አስፈጽመዋል። ድንኳኑ ግን ተቀድዶ ስንት ክረምት እንዳለፈው ሁሉም ያውቃል። የወርሃዊ መዋጮው መዝገብም ቅጠሉ ረግፏል። ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም። በአንድ ሰፈር እየኖሩ፣ በአንድ መንገድ እየተላለፉ፣ እንዴት ይባላል?

«ይሄ ነገር ቅሬውን ይሰነጥቀዋል» ያሉ ነበሩ። ሸኾቹም ቄሱም አብረው ወጣ አሉና ተመካከሩ። ሲመለሱ ሁለት ነገር ይዘው መጡ። አንደኛ፣ ድምፁ በባቄላና በሽምብራ ይሰጣል፤ ሁሉም እጁን በከረጢት ከትቶ ስለሚጨምር ማን ምን እንደጣለ አይታይም። ሁለተኛ፣ የተሸነፈው ሰው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይይዛል። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ በእሱ እጅ ይሆናል። ይህች ሁለተኛዋ ውሳኔ የተወሰነችው ፍሬው ሳይቆጠር ነው። ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በጥቂት ፍሬ ልዩነት ሽምብራው አሸነፈ። ሽምብራው መምህሩ ነበር።

ኮምቦልቻ የሚኖር አብሮ አደግ ጓደኛ አለኝ። የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ አባል ነው፤ የፓርቲውን ስም ልተወው። ይህን ሳወራለት ሳቀብኝ። «ቅሬና ፓርቲ አንድ አይደለም» አለኝ። «እኛ እንደዚያ ብናደርግ በማግሥቱ ሁለት ፓርቲ ሆነን ነው የምናድረው።» በአንዱ ምርጫ ጊዜ የምርጫ ክልላቸው ዕጩ ማን እንደሆነ የሰሙት ከአዲስ አበባ በመጣ ስልክ ነበር። ከዚያስ ምን ሆነ? አልኩት። ሦስት ሰዎች ተቀይመው ወጡ። አንዱ ጭራሽ ለሌላ ፓርቲ መቀስቀስ ጀመረ። «እና ሳትወዳደሩም ተሰነጠቃችሁ እኮ!» አልኩት። ነገሩን በሻይ አለፈው።

እኔ ግን አላለፍኩትም። ዕጩን በአባላት ውድድር መለየት ለፓርቲ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? በእኛ አገር የፓርቲ ሰዎች መልሱን የጨረሱት ይመስላል። ገመናችን አደባባይ ይወጣል፤ እርስ በርስ የተወራወርነውን ድንጋይ ጠላት ለቅሞ ይመልስብናል፤ ገንዘቡም ጉልበቱም ከዋናው ምርጫ በፊት ያልቃል ይላሉ። ሥጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ግን እስኪ እንፈትሸው።

ይህን ጨዋታ አጥብቀው የያዙት አሜሪካኖች ናቸው። እዚያ የፓርቲ ዕጩ የሚለየው በየግዛቱ በሚካሄድ ቅድመ ምርጫ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1912 የሪፐብሊካን ፓርቲው ቴዎዶር ሩዝቬልት ቅድመ ምርጫ ከተካሄደባቸው ግዛቶች አብዛኞቹን አሸነፈ። ጉባኤው ላይ ግን የፓርቲው ሹማምንት ሥልጣን ላይ የነበረውን ታፍትን መረጡ። ሩዝቬልት ተናድዶ ወጣ፤ የራሱን ፓርቲ አቋቋመ። የሪፐብሊካን ድምፅ ለሁለት ተከፈለ። ዲሞክራቱ ውድሮው ዊልሰን 42 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ ቤተ መንግሥት ገባ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ሂዩበርት ሃምፍሪ አንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደር የዲሞክራቶች ዕጩ ሆነ። የቺካጎው ጉባኤ ሲካሄድ ውጭ ፖሊስ ወጣቶችን ይደበድብ ነበር። ሃምፍሪ በጠባብ ልዩነት በኒክሰን ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ነው ሕጉ የተቀየረውና ሥልጣኑ ወደ መራጩ የሄደው። የመጀመሪያው ፍሬ ግን የሚጣፍጥ አልነበረም። በ1972 በአዲሱ ሕግ የተመረጠው ጆርጅ ማክገቨርን ከ50 ግዛቶች 49ኙን ተሸነፈ። «አላልናችሁም?» ያሉት የድሮ ሹማምንት እንዴት ደስ ብሏቸው ይሆን!

የውድድር ተቃዋሚዎች ሁሌም የሚጠሯቸው ሌሎች ሦስት ዓመታት አሉ። በ1976 ፕሬዚዳንት ፎርድን ከራሱ ፓርቲ ሮናልድ ሬገን ተፎካከረው፤ ፎርድ በዋናው ምርጫ ወደቀ። በ1980 ካርተርን ቴድ ኬኔዲ ተፎካከረው፤ ካርተር ወደቀ። በ1992 ትልቁን ቡሽ ፓት ቡካነን ተፎካከረው፤ ቡሽም ወደቀ። ሦስት ለባዶ። ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

እኔን ግን አያሳምነኝም። ሰው አተኩሶት ሐኪም ቤት ሲሄድ ቴርሞሜትሩን በሽታ ነው አንልም። ፎርድ ኒክሰንን በይቅርታ ነፃ አውጥቶ ሕዝቡ ተቀይሞት ነበር። ካርተር በኑሮ ውድነትና በቴህራን በታገቱት አሜሪካውያን ጉዳይ ተወጥሮ ነበር። ቡሽ «አዲስ ግብር አልጥልም» ብሎ ጣለ፤ ኢኮኖሚውም ቀዝቅዞ ነበር። ተፎካካሪ የመጣባቸው ደክመው ስለተገኙ ነው። ጠንካራ መሪ ላይ ከራሱ ቤት ማን ይነሣል? መምህሩ እኮ እጁን ያወጣው ድንኳኑ ስለተቀደደ ነው። መምህሩ ዝም ቢል ድንኳኑ አይሰፋም ነበር።

እ.ኤ.አ. ወደ 2008 እንምጣ። ባራክ ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን ከጥር እስከ ሰኔ ተናነቁ። ብዙ ዲሞክራቶች «ፓርቲያችንን እያረዱት ነው» ብለው ያለቅሱ ነበር። የኦባማ ቄስ የነበሩት ሰው ስብከት ቪዲዮ ወጥቶ አገር የታመሰው በዚያው መሐል፣ በመጋቢት ነው። ግን ተመልከቱ። ጉዱ የወጣው በመጋቢት ስለሆነ በኅዳር የሰለቸ ወሬ ሆነ። በኅዳር መጀመሪያ ቢወጣ ኖሮስ?

ሌላም አለ። ውድድሩ በመርዘሙ ሁለቱም ማንም ዲሞክራት ዞር ብሎ ወደማያያቸው ግዛቶች ወረዱ። ኢንዲያናና ሰሜን ካሮላይና ቅድመ ምርጫቸው ግንቦት ላይ ነበር። እዚያ ቢሮ ተከፈተ፣ ወጣት ተመለመለ፣ አዲስ መራጭ ተመዘገበ። ኢንዲያና ከ1964 ወዲህ፣ ሰሜን ካሮላይና ከ1976 ወዲህ ለዲሞክራት ድምፅ ሰጥተው አያውቁም ነበር። ኦባማ ሁለቱንም በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ከዚያስ? ያን ሁሉ የተናነቃትን ሴት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አደረጋት። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጣት ማለት ነው።

ውድድር አለመኖሩም ዋጋ ያስከፍላል። በ2024 ጆ ባይደን ከራሱ ፓርቲ ይህ ነው የሚባል ተፎካካሪ አልገጠመውም። ትልልቆቹ ሰዎች ዝም አሉ፤ ይሉኝታ እዚያም አለ ለካ። ድካሙን ሕዝብ ገሃድ ያየው ሰኔ መጨረሻ ላይ ከትራምፕ ጋር በተከራከረበት ምሽት ነው። በሐምሌ ከውድድሩ ወጣ። ካማላ ሃሪስ ቅድመ ምርጫ ሳትፎካከር ዕጩ ሆነች፤ ተሸነፈች። ብትወዳደር ታሸንፍ ነበር አልልም። ፓርቲው ግን ማወቅ የነበረበትን ነገር ያወቀው በጣም ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ ፉክክር ጥሩ ነው ብዬ ላቁም? አይደለም። የእኔን ሐሳብ በደንብ ያሳየኝ የናይጄሪያ ታሪክ ነው። ከአሜሪካ ይልቅ ናይጄሪያ ለእኛ ትቀርባለች፤ በርቀት ብቻ ማለቴም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ፣ የፒዲፒ፣ ዕጩ አቲኩ አቡባካር ነበር። ምክትሉ ሆኖ የቀረበው ፒተር ኦቢ ነው። ለ2023ቱ ምርጫ ሁለቱም ዋናውን ቦታ ፈለጉ። ኦቢ የፓርቲው ውድድር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፒዲፒን ጥሎ ሌበር ወደሚባል ትንሽ ፓርቲ ሄደ። በውድድሩ አቲኩ 371 ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። የሪቨርስ ግዛት አስተዳዳሪ ኒየሶም ዊኬ 237 አገኘ። ድምፅ የሰጡት 800 የማይሞሉ ተወካዮች ናቸው፤ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር! ዊኬ ምክትል እሆናለሁ ብሎ ጠብቆ ነበር። አቲኩ ሌላ ሰው መረጠ።

ውጤቱን ስሙ። የገዢው ፓርቲ ቦላ ቲኑቡ 8.79 ሚሊዮን ድምፅ አገኘ። አቲኩ 6.98 ሚሊዮን፣ ኦቢ 6.10 ሚሊዮን። ከአራት ዓመት በፊት በአንድ ፖስተር ላይ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ድምፃቸው ሲደመር 13 ሚሊዮን ያልፋል። እርግጥ የኦቢ መራጭ ሁሉ ለአቲኩ ይሰጥ ነበር ማለት አይደለም። ብዙ ወጣት የወጣው ለኦቢ ብሎ ነው። ቢሆንም ሒሳቡ ያማል። ዊኬስ? ከፒዲፒ ሳይወጣ ለአቲኩ ጀርባውን ሰጠ። በኋላ የቲኑቡ መንግሥት የአቡጃን ከተማ የሚያስተዳድር ሚኒስትር ሆነ። ፒዲፒ ለተሸናፊው ቁልፍ ስላልሰጠው ጎረቤት ሰጠው።

እዚህ ላይ ፓርቲውን የጎዳው ውድድሩ ነው? ኦቢ የሸሸው ውድድሩን ነው፤ ደግሞም የጥቂት መቶ ተወካዮች ውድድር ማን እንደሚያሸንፍበት ቀድሞ ይታወቃል ተብሎ ይታማ ነበር። ዊኬ ተወዳድሮ ተሸንፏል፤ ከሽንፈቱ በኋላ ግን የሚቀመጥበት ቦታ አጣ። ሁለቱም ጉዳት የመጣው ከፍልሚያው ሳይሆን ከፍልሚያው ዳርና ዳር ነው። ከመጀመሩ በፊት ደንቡ አልታመነም፤ ካለቀ በኋላ ተሸናፊው አልተያዘም።

የፓርቲ ውድድር ከዋናው ምርጫ በአንድ ነገር ይለያል። በዋናው ምርጫ የተሸነፈው ሰው ጠላት ሆኖ ቢቀጥል ችግር የለውም፤ ሥራው ነው። በፓርቲ ውድድር የተሸነፈው ሰው ግን በማግሥቱ ላሸነፈው መቀስቀስ አለበት። ትናንት «ይህ ሰው አይችልም» ያለ አፍ ዛሬ «እሱን ምረጡ» ማለት አለበት። ይህ በጣም ከባድ ነገር ነው። ሰው እንዲሁ በቀና ልብ አያደርገውም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በቅድመ ምርጫ የተሸነፈ ሰው በዚያው ምርጫ በሌላ ስም እንዳይቀርብ በሕግ የከለከሉት ለዚህ ነው። ሕግ ግን እግርን ይይዛል እንጂ ልብን አይይዝም።

አንድ ጉዳት ግን እቀበላለሁ። የፓርቲ አባልና አገሬው አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በብሪታንያ ወግ አጥባቂዎቹ መሪ ሲመርጡ የፓርላማ አባሎቻቸው ሪሺ ሱናክን ነበር ያስቀደሙት። የመጨረሻው ቃል ግን የተራ አባላት ስለሆነ ሊዝ ትረስ 57 በመቶ አግኝታ አሸነፈች። አባላቱ መስማት የሚፈልጉትን ነግራቸዋለች። የገንዘብ ገበያው ግን አልሰማትም፤ 49 ቀን ብቻ ቆይታ ወረደች። የራስ ሰው ጭብጨባ ያሳስታል። በራሱ ስብሰባ ላይ የሚጨበጨብለት ሁሉ ገበያ ላይ አይጨበጨብለትም።

አሁን ወደ ቤታችን።

በአገራችን የምርጫ ሕግ ዕጩን በውስጥ ውድድር ለዩ ብሎ ፓርቲን አያስገድድም። ሕገ መንግሥቱ ግን አንቀጽ 38 ላይ አንድ የሚረሳ ነገር ብሏል። በፖለቲካ ድርጅቶች ውስጥ ለኃላፊነት የሚደረግ ምርጫ ነፃና ዲሞክራሲያዊ ይሁን ይላል። የፓርቲ መሪ ምርጫ ጉባኤ ላይ ይካሄዳል። ብዙ ጊዜ ግን ከቅሬያችን የድሮ ልማድ አይለይም። «ይቀጥሉ»፣ ጭብጨባ፣ ቡና።

አንድ ጊዜ ግን ለየት ያለ ነገር አይተናል። በእኛ አቆጣጠር በ2010 መጋቢት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሲመርጥ ዐቢይ አሕመድ 108፣ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2 ድምፅ አገኙ። ደመቀ መኮንን ከውድድሩ ራሳቸውን አውጥተው ነበር። በዝግ በር የተደረገ ነው። ምን እንደተባባሉ ሕዝብ አልሰማም፤ ቁጥሩን ብቻ ነው የሰማው። ያም ሆኖ በብዙ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «ማን ያሸንፍ ይሆን?» ብለን ሌሊቱን የጠበቅንበት የገዢ ፓርቲ ምርጫ ነበር። ሊወድቅ የደረሰው ግንባርም ለጊዜው ትንፋሽ አገኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ እናውቃለን። በ2012 ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት ሕወሓት አልገባም። ቀጥሎ ጦርነት መጣ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ያዩትን እኔ እዚህ አልዘረዝርም። ጦርነቱ የመጣው በ108ና በ2 ድምፅ ነው ማለት የዋህነት ነው፤ ሥሩ ሌላና ብዙ ነው። ግን ያ ውድድር ሲያልቅ ተሸናፊው የሚያርፍበት ወንበር እንዳልተዘጋጀለት መካድ አይቻልም።

የተቃዋሚዎቹ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። የ1997ቱን ቅንጅት አራት ፓርቲዎች ሆነው መሠረቱት፤ ፓርላማ እንግባ አንግባ በሚል ጀምረው ተበታተኑ። ከእሱ ፍርስራሽ የተሠራው አንድነት ፓርቲም በ2007 ሁለት ወገን ሆነ። ሁለቱም «ትክክለኛው ጉባኤ የእኔ ነው» አሉ። በጥር ወር ምርጫ ቦርድ የፓርቲውን ስም ለአንደኛው ወገን ሰጠው። የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅትም (መኢአድ) በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። በግንቦቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ወሰዱ።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «አየህ፣ የውስጥ ፉክክር እንዲህ ያፈርሳል» ይላል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ቤቱ ውስጥ ሁለቱም ወገን የሚቀበለው ዳኛ አልነበረም። ቆጣሪው የአንዱ ወገን ሰው ነው፤ የአይጥ ምስክር ድንቢጥ። የቤት ዳኛ ከሌለ የውጭ ዳኛ ይገባል። የውጭ ዳኛ ከገባ ደግሞ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው።

እኛ ወሎዎች ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባን ነበር። ሥልጣን ለማን ይገባል የሚለው ክርክር ቆጣሪ ሲያጣ በ1909 ጥቅምት ሰገሌ ላይ ነው የተፈታው። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ብለው ዘምተው ተማረኩ። ከወሎ የሄደው ሠራዊት ስንቱ እንደቀረ የሚያውቀው ያ ሜዳ ነው። ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ዛሬም አለ። ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አይጠየፍም እንደማለት። የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ባለፍኩ ቁጥር ያ ስም ትዝ ይለኛል።

አሁን ሒሳቧን እንሥራት። የእኛ የምርጫ ሥርዓት ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው የሚያልፍበት ነው። ግማሽ አይጠየቅም። አንድ የምርጫ ክልል ውስጥ 100 መራጭ አለ እንበል። የእናንተ ፓርቲ 55 ደጋፊ አለው፤ ተቃራኒው 45። ዕጩ ለመሆን ፈልጎ የተከፋ አባላችሁ በግሉ ቀርቦ ከእናንተ 15 ቢወስድ እናንተ 40 ትቀራላችሁ። ተቃራኒያችሁ በ45 ያልፋል። ብዙሃኑ እናንተ ሆናችሁ ተሸነፋችሁ። ለዚህ ነው በእኛ ሥርዓት አንድ የተቀየመ ሰው ከአንድ ጠንካራ ተቃዋሚ በላይ የሚጎዳው።

የጓደኛዬ ትልቁ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። ሳይለው አልቀረም። «ወሎን ታውቃለህ» አለኝ። «ክፍት ውድድር ካልክ ሰው የሚመርጠው የወንዙን ልጅ ነው። ደጋው የራሱን፣ ቆላው የራሱን። ከዚያ ሃይማኖት ይገባበታል። ቅሬው ውስጥ ሸኽና ቄስ አብረው የሚቀመጡት ሥልጣን ስለሌለው ነው።»

ይህ ቀልድ አይደለም፤ እኔም እፈራዋለሁ። አንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ብዙ ቀበሌ፣ ብዙ ጎጥ አለ። የትልቁ ቀበሌ ልጅ ሁሌ ካሸነፈ ትንንሾቹ ፓርቲውን ይተዉታል። ግን ዕጩ ከላይ ሲመደብ ይህ ስሌት የለም ብላችሁ ነው? አለ፤ ያውም ማንም በማያይበት ክፍል። «ያቺ ለእነ እገሌ ትሰጥ፣ ይቺ ለእነ እገሌ» ይባላል። ልዩነቱ በውድድር ጊዜ ዕጩው ወደ ሌላው ወንዝ ሄዶ ድምፅ መለመን ይገደዳል። ሲመደብ ግን ማንንም አይለምንም። አንድ ሰው የሌላውን ቀበሌ ጉልት ገበያ ረግጦ፣ ሰላም ብሎ፣ ዱዓ ተቀብሎ፣ ስድብም ሰምቶ ካልተመለሰ በዋናው ምርጫ ጊዜ ማን ያውቀዋል?

ገንዘብም አለ። ጥቂት ተወካዮች ብቻ የሚመርጡበት ውድድር በምሳና በጫት ግብዣ ያልቃል። መራጩ ሲበዛ ግብዣው አይበቃም፤ ይህ ቢያንስ የሒሳብ ጥቅም አለው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለብዙ ሕዝብ በር ከፍታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አይታለች፤ የገዢው ጁቢሊ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ በመጀመሪያው ቀን የምርጫ ወረቀት አልበቃ ብሎ ተረበሸ፣ ተራዘመ። ያልተዘጋጁበት ውድድር ካለመወዳደር ይብሳል። በዛሬዋ ወሎ ደግሞ አባል ሰብስቦ መወያየት ራሱ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ጸጥታው ይታወቃል። ይህን ረስቶ «ለምን ሁሉ አባል አይመርጥም» ማለት ከተማ ተቀምጦ ማውራት ይሆናል።

ገዢው ፓርቲስ? በእኛ አቆጣጠር በ2013ቱ ምርጫ ውጤት ከተገለጸባቸው 436 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ብልጽግና 410 ወሰደ። አንድ ፓርቲ እንዲህ በሚያሸንፍበት አገር እውነተኛው ምርጫ የሚካሄደው ዋናው ምርጫ ላይ አይደለም፤ ዕጩው በሚለይበት ክፍል ነው። ክፍሉ ዝግ ከሆነ መራጩ የሚያጸድቀው ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው። ስለዚህ ቅድመ ምርጫ ለትንሹ ተቃዋሚ የድርጅት ጉዳይ ነው፤ ለትልቁ ፓርቲ ግን የመራጩ ጉዳይ ነው። ትልቁ ፓርቲ መሰንጠቅን መፍራቱ አይገባኝም። 410 ያለው ሰው ትንሽ ቢሰነጠቅ ምን ይሆናል?

ጓደኛዬን ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አገኘሁት። ነገሩን መልሶ ያነሣው እሱ ነው። የዞን ጉባኤ ሊጠሩ እያሰቡ ነው፤ ለአንዱ ቦታ ሁለት ሰው ፍላጎት አሳይቷል። አንዱ ነባር ነው። «እስኪ ያን የባቄላና የሽምብራውን ነገር አስረዳኝ» አለ። ባቄላው ቀላል ነው አልኩት፤ ከሰኞ ገበያ ትገዛለህ። ከባዱ ቁልፉ ነው። ነባሩ ቢሸነፍ ምን ትሰጡታላችሁ? ወጣቱ ቢሸነፍስ? ይህን አሁን፣ ማንም ሳያሸንፍ፣ በወረቀት ካልጻፋችሁት በኋላ የምትሰጡት ሁሉ ምጽዋት ይመስለዋል። ቆጣሪውስ ማን ነው? ከሁለቱም ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው አላችሁ?

አሰበ፤ ቆየ። «አንድ ሰው አለ» አለ። «ግን የፓርቲው አባል አይደለም።»

የቅሬያችንን መተዳደሪያ ደንብ ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ላክሁለት። አራት ገጽ ናት፤ ሁለተኛዋ ላይ ቡና ፈስሶባታል። አንብቧታል። እስካሁን ግን አልመለሰልኝም።

ነባሩ ዳኛችንን የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ ባለፈው ወር ጎረቤታችን ሰው ሞቶባቸው ነበር። በሌሊት የዕቃ ቤቱን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ድንኳኑ ተሰፍቷል። መምህሩ ካስማ ሲመታ አጣመመና ጮኹበት፤ «ኧረ አንተ ልጅ፣ እንዲህ ነው እንዴ የሚመታ!» ከእጁ ነጥቀው ራሳቸው መቱት።